ወፍጮ ያጎረሱት እትዬ ትርንጎ

በየሰፈሩ አንድ አጉራሽ አለ። ዕድር የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ መብራት የሌለው ሰፈርም ሞልቷል፤ አጉራሽ የሌለው ሰፈር ግን እኔ አላየሁም። እርግጥ ብዙ ሰፈር አላየሁም። ደብረ ታቦር ተወልጄ እዚያው ደብረ ታቦር አናጢ ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ልጄን ላሳክም ባሕር ዳር ከመሄዴ በቀር ራቅኩ ብል ሐሙሲት ነው። ግን አንባቢም ዙሪያውን ይመልከት። የሰው ልጅ አፉን ሲከፍት፣ ለማዛጋትም ይሁን ለማልቀስ፣ አንድ ነገር ካልጨመሩበት እጃቸው የማያርፍ ሰው ከአጥሩ ማዶ አለ።

የእኛ ሰፈር አጉራሽ እትዬ ትርንጎ ይባላሉ። እኔ በልቤ ሊቀ አጉራሽ ትርንጎ ነው የምላቸው። በአፌ ብያቸው አላውቅም። በአፌ ያልኩት ነገር በጠቅላላው ጥቂት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው መናገሩ ስለሚያቅተኝ ነው። ጽሕፈቱም ቢሆን ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ጣውላ ላይ በእርሳስ ቁጥር ከማስፈር አላለፈም፤ የተጣመመ ነገር ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ።

እትዬ ትርንጎ ስድሳውን አልፈዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጆቻቸው አድገው፣ አግብተው፣ በየፊናቸው ሄደዋል፤ የእጃቸው ነገር ግን ልጆቹ መሄዳቸውን እስከ ዛሬ አልሰማም። የነጠላቸው ጫፍ ሁልጊዜ የተቋጠረ ነው። ከቋጠሮው ቆሎ ይወጣል፣ ቁራሽ ዳቦ ይወጣል፣ የተቀቀለ እንቁላል ይወጣል። አንድ ቀን ድንች ከነትኩሳቱ ሲያወጡ አይቻለሁ። እንዴት እንዳላቃጠላቸው እንጃ።

አንድ ጊዜ በሚኒባስ ሐሙሲት ድረስ አብረን ሄድን። ስንደርስ የኋላው ወንበር ሙሉ ሰው ጠግቦ ተኝቶ ነበር። ረዳቱ «ሐሙሲት፣ ሐሙሲት» ብሎ ሊጣራ አፉን በከፈተ ቁጥር ቆሎ ስለሚገባበት፣ መንገድ ዳር የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ቀረ። ከመንግሥት የመጣ ቤት ቆጣሪም «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይበላል?» ብሎ ቢጠይቃቸው «አንተን ጨምሮ?» አሉት አሉ። በልቶ ወጣ። ምን ብሎ እንደጻፈ የሚያውቅ የለም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል። ስለዚህ እትዬ ትርንጎ አንድ አጉርሰው አያውቁም። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሳይዋጥ ይደርሳል። ሦስተኛው ለሥላሴ ነው። አራተኛው ለወንጌላውያን ነው። ሐዋርያት ጋ ሳይደረስ መሸሽ ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያሉ ሴት አጥር ማዶ ነው እግዚአብሔር ፋሲካን የሰጠን።

ፋሲካ ልጄ ናት። ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። በፋሲካ ማግስት ስለተወለደች ይህን ስም ባለቤቴ መሠረት አወጣችላት። ያን ጊዜ ልጅቷ በፋሲካ ገበታ ላይ ከሚቀርበው አብዛኛውን የማትበላ መሆኗን ማን አወቀ። እህል መቅመስ ስትጀምር ሆዷ ይነፋ፣ ያስቀምጣት ጀመር። ክንዷ እየቀጠነ ሄደ። ጤና ጣቢያ ተመላለስን፤ በመጨረሻ ባሕር ዳር ላኩን። ሐኪሙ መርምሮ፣ ሆዷ ስንዴና ገብስን፣ ወተትንና ከወተት የሚወጣውን ሁሉ፣ እንቁላልንም እንደማይቀበል ነገረን። ሰፈራችን ያለችው ነርስ ሲስተር ሰሚራ ይህንኑ በወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈችልኝ። ማንበብ እንደሚከብደኝ አልነገርኳትም፤ ገብቷታል። ከታች ደግሞ የተፈቀደውን ጻፈች፦ ጤፍ፣ ድንች፣ የፎገራ ሩዝ፣ ሥጋ፣ አትክልት። ወረቀቱን በራችን ላይ በምስማር መታሁት።

እትዬ ትርንጎ ወሬውን ሰምተው መጡ።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

«ወተት» አልኩ።

«ጾመኛ ናት በለኛ።»

«እንቁላል።»

«አልኩህ እኮ፣ ጾመኛ ናት። የተባረከች።»

«ገብስ።»

«ምን አልክ?»

«ገብስ። ስንዴም።»

«ገብስ የሚጾመው በየትኛው መጽሐፍ ነው?»

«ጾም አይደለም እትዬ። ሆዷ…»

«ጉና ተራራ ሥር ተወልዳ ገብስ የማትበላ። ይህን የጻፈው ሰው እናት የለውም?» ወደ ፋሲካ ዘወር አሉ። ፋሲካ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የጣውላ ፍቅፋቂ እየበተነች ነበር። «ሆድ ያስለመዱትን ይለምዳል፣ ይሻው። ብዙ አትሰጣት። ለወጉ ያህል ታቅምሳታለህ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን አይሆንም ይላል። እኔ «እሱስ» አልኩ። «እሱስ» ከእኔ አፍ ሲወጣ ምንም ማለት አይደለም፤ ሰው ግን እሺ ያልኩ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ «ለወጉ ያህል» በአጥሩ ቀዳዳ መምጣት ጀመረች። አጥራችን አንድ ጣውላ ከወደቀበት ወዲህ የሰው ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው፤ የአናጢ አጥር መቼም እንዲህ ነው። እኔ መሮ ይዤ አጎንብሼ ስነሣ አንድ ክንድ ወደ ግቢያችን ገብቶ አገኛለሁ። «እትዬ» እላለሁ። «ሽታውን ነው ያሳየኋት» ይላሉ። መሠረት ኃይለኛ ናት፤ እሷ ያለች ቀን ክንዱ አይመጣም። ግን መሠረት ድንች ትነግዳለች፤ አብዛኛውን ቀን ገበያ ነው የምትውለው። ቤት ውሎ ልጅ የሚጠብቀው አናጢው ነው።

የባሰው የገብርኤል ማኅበር ቀን መጣ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እትዬ ትርንጎ ከድርሻቸው ቆንጥረው፣ ዓይኔ እያየ፣ ፋሲካን አጎረሷት። ዓይኔ ብቻ አይደለም፤ አፌም እዚያው ነበር። ሃያ ሰው ተቀምጧል፣ ቄሱ አሉ፣ የተባረከ ነው። ምላሴ ተሳሰረ።

«የተባረከ መች ይጎዳል» አሉኝ እትዬ ትርንጎ በዓይናቸው።

ፋሲካ አምስት ቀን ታመመች። በስድስተኛው ቀን እትዬ ትርንጎ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። እጃቸውን በተነፋው ሆዷ ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «በገብርኤል፤ አንተ ሳትፈቅድ ከእጄ አንድ ነገር አይገባላትም» አሉ።

አላመንኳቸውም። ሰው እጁን እንዴት ይከዳል ብዬ ነው።

አንድ ወር ደህና ሆነች። ከዚያ ሆዷ ተመልሶ ተነፋ። ማስቀመጡም ተመለሰ። ሲስተር ሰሚራ ሚዛን ላይ አወጣቻት።

«ባለፈው ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ ነበረች» አለች። «አሁን ዘጠኝ ከሦስት መቶ። ማን ምን ሰጣት?»

«እንጃ።»

«እንጃ አይሆንም፣ አቶ ይሻው። እንዲህ እየወረደች ከቀጠለች ሆስፒታል ማስተኛታችን ነው። የሚያበላትን ሰው ይፈልጉ።»

ምን ፍለጋ አለው። ልጄን አቅፌ ቤት ገባሁ፤ ሦስት ጣውላ መረጥኩ፤ የአጥሩ ክፍተት ላይ መታኋቸው። አፌ ሲያቅተው እጄ ነው የሚናገርልኝ። ሦስተኛውን ጣውላ ስመታ በስንጥቁ ነጠላ አየሁ። ከማዶ ቆመው ነበር። እስክጨርስ ቆሙ። የመጨረሻውን ምስማር ስቼ ጣቴን መታሁት።

አጥሩ ማዶ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ የእትዬ ትርንጎ ባል የተቀበሩ ዕለት እንኳ አልነበረም፤ ያን ቀን ለቀስተኛ ሲያጎርሱ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ፋሲካ አልተሻላትም። እንዲያውም መራመድ ይታክታት ጀመር፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። መሠረት ድስቷን ለብቻ ለይታለች፣ ማንኪያዋን ለብቻ ለይታለች፣ እንጀራዋንም ከንጹሕ ጤፍ ለብቻ ነው የምታዘጋጅላት። አንድ ቀን ከገበያ ገብታ ልጅቷን አየቻትና እኔን አየችኝ።

«አጥሩን ዘግተሃል» አለች። «ታዲያ ከማን በላች?»

ወጥቼ የአጥሩን ምስማር አንድ በአንድ ነካካሁ።

በማግስቱ ጤፍ አስፈጭቼ፣ ዱቄቱን በትከሻዬ ይዤ ስገባ እትዬ ትርንጎ ተከትለውኝ ገቡ። በዋናው በር። በአሥራ ሦስት ዓመት ጉርብትና በዋናው በር ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። እንደ እንግዳ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። መሠረት በርጩማ አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አላበላኋትም» አሉ። «ምያለሁ። እኔ ካላበላኋት ሌላ የሚያበላት አለ ማለት ነው። እሱን ልፈልግ መጣሁ።»

ፍለጋው ተጀመረ። ፖሊስ እንዲህ አይፈትሽም። ድስቱን አሸተቱ። ማንኪያውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ጨው ቀመሱ። በርበሬ ቀመሱ፣ አነጠሳቸው። መሠረት ልትቆጣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ግን ተወችው። ከዚያ የእኔን ከረጢት ፈቱ። በሁለት ጣታቸው ዱቄት ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሃምሳ ዓመት ያገሩን እህል ሲያጎርሱ የኖሩ ሴት መሆናቸውን አንባቢ አይርሳ።

«ይህ ጤፍ ገብስ ጎርሷል» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ መሠረት አበጥራ የሰጠችኝ ንጹሕ ጤፍ ነው» አልኩ።

«ስታስፈጭ ከማን ቀጥለህ ነው?»

«ከጋሼ አያሌው።»

«እህላቸው ምን ነበር?»

ወፍጮ ያለፈውን እህል ጨርሶ አይተፋም፤ ትንሽ በጎሮሮው ይይዛል፤ የሚቀጥለው እህል ያን ጠርጎ ይዞት ይወጣል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ለማንም ሰው ደግሞ ምንም አይደለም።

«ገብስ» አልኩ።

«ወረፋህ ስንተኛ ነበር?»

«አንደኛ። በጠዋት ነው የምሄደው።»

«ታዲያ አንደኛ የሄደ ሰው ከጋሼ አያሌው እንዴት ይቀጥላል?»

«አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፣ አሳለፍኳት። ከዚያ አንድ መነኩሴ መጡ። ከዚያ አንዱ ሠርግ አለብኝ አለ። ጋሼ አያሌው ደግሞ አህያዬ ቆማብኛለች አሉኝ…»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ። ጋሼ አያሌው ገብስ ማምጣት የጀመሩት ግን ባለፈው ወር ነው።»

እትዬ ትርንጎ ዱቄቱን ከጣታቸው አራገፉ። «ያገሩን ሰው ሁሉ አስቀድመህ ልጅህን ኋላ?» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

መሠረት ከረጢቱን አንሥታ ከጓዳ አወጣችው። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሲስተር ሰሚራ ፈልገው ያለችኝ ሰው እኔ ነበርኩ። በየሳምንቱ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ።

«እትዬ» አልኩ፣ «አጥሩን እኮ…»

«አጥሩ ይቆየን። ወፍጮው ይቅደም።»

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለታችን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆምን። ባለ ወፍጮው ቢላል ገና በሩን መክፈቱ ነበር። ቢላል ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ በዱቄት የሸበተ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምነው በጠዋቱ?»

«ጎሮሮውን ጥረግልኝ» አሉት፣ ወደ ወፍጮው እያመለከቱ።

ነገሩን ነገሩት። ቢላል አልሳቀም። ክዳኑን ፈታ፣ በመጥረጊያ ጠረገ፣ በጨርቅ መታው። ከዚያ እትዬ ትርንጎ ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ከረጢት አወጡ። የራሳቸው ጤፍ ነው፣ ሁለት ጣሳ ይሆናል።

«ይህን መጀመሪያ ክተትለት። የተረፈውን ጠርጎ ያውጣው። ዱቄቱን እኔ እወስደዋለሁ፤ እኔ ገብስ አይጠላኝም።»

«ሰዉ አልቆ ወፍጮዬን ሊያጎርሱት መጡ?» አለ ቢላል።

«አፍ አለው አይደል?»

ወፍጮው ጎረሰ። የወጣውን ዱቄት ቀመሱ። «ገና ነው» አሉ። አንድ ጣሳ ደገሙት። ቀመሱ። «አሁን ስጠው የልጅቷን።»

ልክ ያን ጊዜ ጋሼ አያሌው አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። ሁለት ስልቻ ገብስ። ሽማግሌ ናቸው፣ ያገር ሽማግሌ፤ አባቴና እናቴ ሲጣሉ ያስታረቁ እሳቸው ናቸው።

«ይሻው ልጄ፣ እንኳን አገኘሁህ» አሉ። «እንደ ወትሮህ አሳልፈኝማ፣ አህያዬ ቆማብኛለች።»

እትዬ ትርንጎን አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰው ንግግር ከአፉ ነጥቀው ይጨርሱለታል። ያን ቀን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የጤፉ ከረጢት በእጄ ነበር። ፋሲካ ሦስት እርምጃ ሄዳ ስትቀመጥ ታየችኝ።

«አላሳልፍም፣ ጋሼ አያሌው» አልኩ።

ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር አልሰሙኝም። ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። እንግዲህ ጮክ ብዬ ልድገመው ብዬ በሙሉ ጉልበቴ «አላሳልፍም» ስል ቢላል ወፍጮውን አጥፍቶት ኖሮ፣ ጩኸቴ ብቻውን ቀረ። ውጭ ያለችው አህያ እንኳ ጆሮዋን አቆመች።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉ ጋሼ አያሌው።

ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ፣ ከወረቀቱ ጀምሬ እስከ ሚዛኑ። በሕይወቴ እንዲያ ረጅም ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ጋሼ አያሌው ስልቻቸው ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ወረፋህን የምትለቅልኝ ሥራ ፈት ሆነህ መስሎኝ ነው።»

ፋሲካ በሦስተኛው ሳምንት የሆዷ መነፋት ጠፋላት። በሁለተኛው ወር ሲስተር ሰሚራ ሚዛኑን ሁለቴ አየችው፤ አሥር ኪሎ ከሁለት መቶ። አሁን በየሰኞው ጠዋት ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ከፋሲካ ጤፍ በፊት አንድ ፍሬ ገብስ ቢያቀርብ ጋሼ አያሌው ራሳቸው ያስቆሙታል። የአጥሩንም ጣውላ ነቅዬ እዚያው ላይ ትንሽ በር ሠራሁ፤ ከሠራኋቸው በሮች ሁሉ ያለ ትእዛዝ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው።

እትዬ ትርንጎ ተለወጡ ብላችሁ ግን አትሳቱ። ወረቀቱን በቃላቸው አጥንተው እንደ ዳዊት ይደግሙታል፣ ያ ልክ ነው። ባለፈው ማኅበር ቄሱ ለፋሲካ ዳቦ ሊቆርሱ እጃቸውን ሲዘረጉ «አባ፣ ይባርኳት እንጂ አያጉርሷት» ብለው ሃያ ሰው አስደንግጠዋል። ማጉረሱን ግን አልተዉም። የተቀቀለ ድንች እንደ ጠጠር እያድቦለቦሉ፣ ለሥላሴ፣ ለወንጌላውያን፣ አሁን ደግሞ ለሐዋርያትም ደርሰዋል። ልጅቷ በትንሿ በር የነጠላ ጫፍ ስታይ አፏን ከፍታ ትቆማለች።

ችግሩ ባለፈው ሳምንት መጣ። እትዬ ትርንጎ ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ገሳይ ሄዱ። ፋሲካ ከእኔ እጅ አልበላም አለች። ድንቹ ያው ድንች ነው፣ ጨው ያው ጨው። ከንፈሯን ገጥማ ትንሿን በር ታያለች። እስከ ቀትር ታገልኩ። በመጨረሻ ስልክ ደወልኩ። ስልክ መደወል የምፈራ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲያነሣ ምን እንደሚባል ይጠፋብኛል።

«እትዬ፣ አልበላም አለች» አልኩ።

«ድምፁን ከፍ አድርገህ አጠገቧ አስቀምጥልኝ።»

አስቀመጥኩ።

«ፋሲዬ» አለ ስልኩ። «አፍሽን ክፈቺ የኔ እናት። አንድ።»

ፋሲካ አፏን ወደ ስልኩ ከፈተች። እኔ አጎረስኩ። «ሁለት» አለ ስልኩ። አጎረስኩ። ከገሳይ ደብረ ታቦር ድረስ ስንት ተራራ እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል። እንዲህ እያልን ሳህኑ ባዶ ሆነ። ስልኩን ላነሣ እጄን ስዘረጋ እትዬ ትርንጎ አልጨረሱም ነበር።

«አንተስ በላህ?»

«አዎ።»

«ውሸትህን ነው። ድንች አለ?»

ድስቱ ውስጥ አንድ ድንች ቀርቶ ነበር። መሠረት ከገበያ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ባዶ ጆንያዋን እንደያዘች ታየኛለች።

«ክፈት» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አፌን ከፈትኩ።